ሙያ በልብ ብቻ ሳይሆን በምዘናም፦ የኔትወርክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫና የመንግስት መሥሪያ ቤቶች

«ሲስተም የለም» የሚለው ምላሽ በመንግስት መሥሪያ ቤቶች ለሚገለገል ዜጋ አዲስ አይደለም። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጀምሮ እስከ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረስ ጉዳዩን ለማስፈጸም የመጣ ተገልጋይ ይህን ቃል ሲሰማ ያለው አማራጭ ተመልሶ መሄድና በሌላ ቀን መምጣት ነው። ቃሉን የሚናገረው መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ይሁን እንጂ ችግሩም መፍትሔውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተገልጋዩም ሆነ ኃላፊው በማይገባበት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል ራውተር፣ ስዊች፣ ሰርቨርና የተጠላለፈ ኬብል አለ። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ወይም ሁለት ባለሙያም አለ።

የዚህ ባለሙያ ብቃት በምን ይታወቃል? ሲቀጠር የተመዘነው በምንድን ነው? ከተቀጠረ በኋላስ ቴክኖሎጂው በተለወጠ ቁጥር ዕውቀቱ አብሮ መለወጡን የሚያረጋግጠው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ቀደም ሲል የጥቂት የኮምፒዩተር ክፍሎች ጉዳይ ተደርገው ይታዩ ነበር። የመንግስት አገልግሎት ወደ ኔትወርክ እየተሸጋገረ በመጣበት በአሁኑ ወቅት ግን የሥራ ኃላፊዎችንና የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎችን በቀጥታ የሚመለከቱ ሆነዋል። ለጥያቄዎቹ በከፊል መልስ ይሰጣሉ ተብለው ከሚታሰቡት መካከል የሙያ ብቃት ማረጋገጫዎች ተጠቃሽ ናቸው።

እንደሚታወቀው በአገሪቱ የመንግስት ተቋማትን በኔትወርክ የማስተሳሰር ሥራ በስፋት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም ነው። በወቅቱ የተዘረጋው የወረዳ ኔት መርሃ ግብር ወረዳዎችን በሳተላይት ጭምር ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር በማገናኘት የቪዲዮ ስብሰባ፣ የኢንተርኔትና የድምፅ አገልግሎት እንዲያገኙ አስችሏል። የስኩል ኔት መርሃ ግብር ደግሞ በተለምዶ «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራውን የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አድርሷል። በዚያን ጊዜ ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚስተጓጎለው አንድ ስብሰባ ወይም አንድ ክፍለ ጊዜ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ መደበኛ ሥራውን በወረቀት ከመቀጠል የሚያግደው ነገር አልነበረም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የበጀት አፈጻጸም በተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር መረጃ ሥርዓት፣ የመንግስት ግዥም በኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መከናወን ጀምሯል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም የጸደቀ ሲሆን፣ የዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሥራውን በወረቀት መቀጠል አስቸጋሪ ነው፤ አገልግሎቱም ይቆማል።

ከዚህ በተጨማሪ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ለመረጃው ደኅንነት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ቀደም ሲል እንደ ተራ የቴክኒክ ጉድለት ይታይ የነበረ፣ ለምሳሌ በአግባቡ ያልተዋቀረ ስዊች ወይም ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተቀየረ የይለፍ ቃል፣ ዛሬ ተቋሙን በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ክፍተት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የኔትወርክ ባለሙያው የሚይዘው ኃላፊነት ኮምፒዩተር ከመጠገን በእጅጉ የሰፋ ሆኗል።

ጉዳዩን በአንድ ቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሠራተኛ የቢሮው ዋይፋይ ስለደከመበት ከቤቱ ያመጣውን አነስተኛ የዋይፋይ ራውተር ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ መሰኪያ ይሰካዋል እንበል። ሠራተኛው ክፉ ሐሳብ የለውም። ይሁንና ያ ራውተር በተፈጥሮው ለኮምፒዩተሮች አድራሻ የማደል ሥራ ስላለበት ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ጋር እየተሻማ የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል። የተሳሳተውን አድራሻ የተቀበሉት ኮምፒዩተሮች የመሥሪያ ቤቱን ሥርዓት ማግኘት ያቅታቸዋል፤ ትክክለኛውን የተቀበሉት ደግሞ ያለ ችግር ይሠራሉ። በሦስተኛው ፎቅ «ሲስተም የለም» ሲባል በአራተኛው ፎቅ ሥራው ይቀጥላል ማለት ነው።

መሠረታዊ ዕውቀቱ የሌለው ባለሙያ በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሮቹን እያጠፋ ሊያበራ፣ ኬብል ሊቀያይር፣ አልፎም ለቴሌኮም ድርጅቱ አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። ቀኑም በዚሁ ያልፋል። ዕውቀቱ ያለው ባለሙያ ግን አንድ ችግር የገጠመው ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ የተሰጠውን አድራሻ በማየት ብቻ የችግሩን ምንጭ በደቂቃዎች ውስጥ መለየት ይችላል። ከዚህም በላይ ዘመናዊ ስዊቾች ከተፈቀደው ሰርቨር በስተቀር ማንም አድራሻ እንዳያድል የሚከለክል መቆጣጠሪያ እንዳላቸው ስለሚያውቅ ችግሩ ከመነሻው እንዳይፈጠር ያደርጋል። መሣሪያው በሁለቱም መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በባለሙያው ላይ ነው።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአበው ብሂል ትክክለኛነቱ እንዳለ ሆኖ ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በልብ ያለውን ማየት አይችልም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ባለቤቱ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ሰፊ የትምህርት መስክ ማጠናቀቁን ያሳያል። በኮምፒዩተር ሳይንስ የተመረቀ ወጣት ፕሮግራም መጻፍን፣ የመረጃ ቋትን፣ ሒሳብንና ሌሎች ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ኔትወርክ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ስለሆነም ዲግሪው ተመራቂው ለመማር ያለውን አቅም ሲመሰክር፣ አንድን ስዊች በትክክል ማዋቀር መቻሉን ግን ለብቻው አይመሰክርም። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚገባው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ለአብነት ያህል ሲስኮ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሰጠውና በአጭሩ ሲ ሲ ኤን ኤ በመባል የሚታወቀው የጀማሪዎች ደረጃ ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ፈተናው 120 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ይዘቱም አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ የተደረገ ነው። ከጠቅላላው ፈተና 20 በመቶ የሚሆነው የኔትወርክ መሠረታዊ ዕውቀትን፣ 20 በመቶው ኮምፒዩተሮች ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙበትን መንገድ፣ 25 በመቶው መረጃ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ሥርዓት፣ 10 በመቶው እንደ አድራሻ ማደል ያሉ አገልግሎቶችን፣ 15 በመቶው ደኅንነትን፣ ቀሪው 10 በመቶ ደግሞ የኔትወርክ ሥራን በሶፍትዌር ማቀላጠፍን ይመለከታል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው የአድራሻ መሻማት ችግርና መከላከያውም በዚሁ ፈተና ከሚሸፈኑት ርዕሶች መካከል ይገኛሉ።

ሲ ሲ ኤን ኤ ብቸኛው ማረጋገጫ አይደለም። ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ኔትወርክ ፕላስ የአንድን ኩባንያ መሣሪያ ሳይከተል ጠቅላላ ዕውቀትን ይመዝናል። የቻይናው ሁዋዌም የራሱ የማረጋገጫ ደረጃዎች አሉት። በሲስኮ የማረጋገጫ መሰላል ላይኛው እርከን የሚገኘው ሲ ሲ አይ ኢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ሲሆን፣ ተፈታኙ ለስምንት ሰዓታት የሚቆይ የተግባር ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በአገር ውስጥ ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ሥርዓት በሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና ሙያ በየደረጃው የሚሰጥ የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ይህ ምዘና ከንድፈ ሐሳብ በተጨማሪ የተግባር ፈተናን የሚያካትት፣ በአገሪቱ የሙያ ደረጃ ላይ የተመሠረተና በብር የሚከፈልበት በመሆኑ በተለይ በክልልና በወረዳ ላሉ ባለሙያዎች ተደራሽነቱ የተሻለ ነው።

የእነዚህ ማረጋገጫዎች ቀዳሚ ጥቅም ምዘናው ከአሠልጣኙም ከቀጣሪውም ነጻ መሆኑ ነው። ያስተማረው ተቋም ራሱ ሲፈትን፣ ወይም ቀጣሪው በሚያውቀው መጠን ብቻ ሲጠይቅ የሚፈጠረው መዛባት በዚህ መንገድ ይቀንሳል። በተለይ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የኔትወርክ ዕውቀት ያለው አባል በማይኖርበት መሥሪያ ቤት፣ ማረጋገጫው ኮሚቴው ሊጠይቀው የማይችለውን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ፈታኝ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለተኛው ጥቅም ዕውቀትን በወቅቱ ማደስን የሚያስገድድ መሆኑ ነው። ዲግሪ አንዴ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሲ ሲ ኤን ኤም ሆነ ኔትወርክ ፕላስ ግን የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ነው። ባለሙያው ከዚያ በፊት እንደገና በመፈተን ወይም ተከታታይ ሥልጠና በመውሰድ ማደስ ይኖርበታል። የፈተናዎቹ ይዘትም በየጊዜው ይለወጣል። ሲስኮ በልዩ ልዩ ዘርፎች ይሰጣቸው የነበሩትን በርካታ የሲ ሲ ኤን ኤ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ወደ አንድ በማጠቃለል የኔትወርክ ሥራን በሶፍትዌር ማቀላጠፍን የይዘቱ አካል ማድረጉ ለዚህ ማሳያ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም የጋራ የሙያ ቋንቋ መፍጠሩ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርኩን የዘረጋው ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ተተኪው የቀድሞው ምን እንደሠራ ለመረዳት ወራት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። አድራሻ የሚከፋፈልበት፣ መሣሪያ የሚሰየምበትና ለውጥ የሚመዘገብበት መንገድ በታወቀ መስፈርት ሲሠራ ግን ርክክቡ ይቀላል፤ መሥሪያ ቤቱም በአንድ ሰው ትውስታ ላይ ከመንጠልጠል ይድናል።

ይሁንና ማረጋገጫ ሁሉ ብቃትን ያሳያል ብሎ መደምደም አይቻልም። በቅድሚያ በሦስት የተለያዩ ወረቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በሥልጠና ላይ መገኘትን ብቻ የሚገልጽ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው። ሁለተኛው የአንድን ኮርስ ማጠናቀቅ የሚገልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መርሃ ግብር በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚሰጥ ሲሆን፣ ኮርሱን ለጨረሱ የሚሰጠው ወረቀት በዚህ ውስጥ ይመደባል። ሦስተኛው በፈተና ማዕከል በገለልተኛ አካል ቁጥጥር ተፈትኖ በማለፍ የሚገኘው የብቃት ማረጋገጫ ነው። ሦስቱም የኩባንያውን ዓርማ ሊይዙ ስለሚችሉ በግል ማኅደር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በቀላሉ ይምታታሉ። በመሆኑም የኮርስ ማጠናቀቂያን እንደ ብቃት ማረጋገጫ ቆጥሮ ነጥብ መስጠት ተፈትኖ ያለፈውን ተወዳዳሪ መበደል ይሆናል።

የማጣራቱ ሥራ አስቸጋሪ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ዓለም አቀፎቹ ማረጋገጫዎች ባለቤቱ በሚሰጠው ቁጥር ወይም ዲጂታል ዓርማ አማካይነት በኢንተርኔት ሊረጋገጡ ይችላሉ፤ የሚያገለግሉበት ጊዜ ማብቃት አለማብቃቱም አብሮ ይታያል። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የመንግስት መሥሪያ ቤቶችን ሲያስቸግር በቆየበት አገር ይህ ቀላል የማይባል ጠቀሜታ ነው።

ሌላው ችግር በተለምዶ «ዳምፕ» እየተባለ የሚጠራው አሠራር ነው። ይህም ከእውነተኛ ፈተና የተሰረቁ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃል ይዞ ወደ ፈተና መግባት ነው። አሠራሩ የፈተናውን ደንብ የሚጥስና ማረጋገጫን እስከማሰረዝ የሚያደርስ ቢሆንም ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የያዘው ወረቀት እውነተኛ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የለም። መሥሪያ ቤቶች ይህን የሚከላከሉበት ቀላል ዘዴ አለ። ይኸውም ተወዳዳሪውን አንድ ስዊችና ሁለት ኮምፒዩተር አቅርቦ እንዲያገናኝ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ደግሞ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ የተግባር ፈተና በቃል የያዘውንና የሚያውቀውን ይለያል።

ማረጋገጫዎች ዘመን ሊያልፍባቸው እንደሚችልም ከታሪካቸው መገንዘብ ይቻላል። የኖቬል ኩባንያ ኔትዌር የተባለው ሥርዓት በሰፊው በሚሠራበት ወቅት የኖቬል መሐንዲስነት ማረጋገጫ በዘርፉ ከሁሉም የላቀ ስም ነበረው፤ ኔትዌር ከገበያ ሲወጣ ስሙም አብሮ ደብዝዟል። ለረጅም ዓመታት ተፈላጊ የነበረው የማይክሮሶፍት ኤም ሲ ኤስ ኢም ፈተናዎቹ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2021 እንዲቋረጡ ተደርጓል። ያልጠፋው ከስሞቹ ሥር ያለው ዕውቀት ነው። አድራሻ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ መረጃ መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ብልሽት ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚፈለግ በሚገባ የተማረ ባለሙያ ከአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ወደ ሌላው ለመሸጋገር አይቸገርም። ትዕዛዞችን ብቻ የሸመደደ ግን መሣሪያው ሲቀየር አብሮ ይቀራል።

በአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ትልቁ ማነቆ ወጪው ነው። የሲ ሲ ኤን ኤ ፈተና ዋጋ 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ ቀደም ብሎ በነበረው 57 ብር ገደማ ምንዛሪ ሲሰላ ይህ ወደ 17 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ይመነዘር ስለነበር የፈተናው ዋጋ ብቻ ከ39 ሺህ ብር አልፏል። በዚያው ወር ተግባራዊ በሆነው የመንግስት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ለጀማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ የተወሰነው ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር መሆኑ ሲታሰብ፣ አንድ ፈተና ግብር ሳይቀነስ ከሦስት ወር ደመወዝ በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። የሥልጠና ክፍያ፣ ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ መፈጸም የሚያስከትለው ችግርና ከክልል ወደ ፈተና ማዕከል የሚደረግ ጉዞ በዚህ ላይ ሲታከሉ ሸክሙ ለአንድ ወጣት ባለሙያ ከአቅም በላይ ይሆናል።

ስለዚህ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሲ ሲ ኤን ኤ ያለው ይመረጣል» ብሎ መጻፍ ቀላል ቢሆንም ያለ ሌላ እገዛ ከቀረበ የሚመረጠው ብቃት ያለው ሳይሆን መክፈል የቻለው ሊሆን ይችላል። ችሎታ ያለውን ሆኖም አቅም የሌለውን የወረዳ ባለሙያ ገና ከበሩ መመለስ ምዘናው ሊያስወግደው የታሰበውን ኢፍትሐዊነት በሌላ መልኩ መመለስ ነው።

መሥሪያ ቤቶች ወጪውን እንዲሸፍኑ ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስጋት «ካሠለጠንነው ይለቃል» የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ለውድድር ከከፈተና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ለኔትወርክ ባለሙያ ያለው ቀጣሪ አንድ ብቻ አይደለም። ባንኮችም ከመንግስት መሥሪያ ቤቶች የተሻለ ደመወዝ በመክፈል ባለሙያዎችን ይስባሉ። ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በአሜሪካ ቀጣሪዎች ዘንድ የሚታወቅ በመሆኑ ለባለቤቱ ተጨማሪ በር ይከፍታል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በሌላ በኩልም መታየት ይኖርበታል። ያልሠለጠነው ባለሙያ ሳይለቅ ቢቀርስ? የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በግምት የሚያስተዳድር፣ ችግር ሲገጥመው የውጭ ድርጅት በክፍያ የሚያስጠራ፣ የዜጎችን መረጃ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሠራተኛ ለዓመታት መያዝም ወጪ ነው። ይህ ወጪ በበጀት መዝገብ ላይ በራሱ ስም ስለማይመዘገብ አይታይም። የሚታየው መስኮት ላይ በተሰለፈው ተገልጋይ ፊት ነው።

በሌላ በኩል ባለሙያው የሚለቅበት ምክንያት ደመወዝ ብቻ አለመሆኑ ሊጤን ይገባል። በነጥብ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ ዘዴ የሚመዘነው የሥራ መደቡ እንጂ ሠራተኛው አይደለም። በመሆኑም አንድ ባለሙያ ማረጋገጫ ስላገኘ ብቻ ደረጃው ከፍ አይልም። መፍትሔው ምዘናውን መጣስ ሳይሆን ማረጋገጫው የሚጠይቀውን ዕውቀት የሚሹ ሥራዎች በሥራ መዘርዝር ውስጥ በትክክል እንዲገለጹ ማድረግ ነው። የተቋሙን ኔትወርክ መንደፍ፣ ደኅንነቱን መቆጣጠር፣ ለውጦችን መመዝገብና ሌሎችን ማሠልጠን የአንድ መደብ ተግባር ሆነው ከተጻፉ መደቡ በሚገባው ክብደት ይመዘናል። ሥራው በወረቀት ላይ «የኮምፒዩተር ጥገና» ተብሎ ከተቀመጠ ግን የተማረው ባለሙያ የተማረውን የማይሠራበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፕሪንተር ሲጠግን የሚውል ባለማረጋገጫ ባለሙያ ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ ዕውቀቱም ይደበዝዛል፤ ወይም መሥሪያ ቤቱን ይለቃል።

ከዚህ በመነሳት መሥሪያ ቤቶች ያለ ከፍተኛ በጀት ሊወስዷቸው የሚችሉ እርምጃዎች አሉ። የመጀመሪያው ማረጋገጫን በማስታወቂያ ላይ ሲጠቅሱ ስሙን ብቻ ሳይሆን «ወይም ተመጣጣኝ የአገር ውስጥ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ» የሚለውን አማራጭ ማካተትና ሁሉንም ተወዳዳሪዎች በተግባር መፈተን ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ በእጁ ያለውን መሣሪያ ለይቶ ከዚያ ጋር የሚዛመድ ሥልጠና መምረጥ ነው። የሁዋዌ መሣሪያ የሚጠቀም ተቋም ሠራተኞቹን ሁሉ ለሌላ ኩባንያ ፈተና ማዘጋጀቱ ጉዳት ባይኖረውም ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ሦስተኛው ሥልጠናን በቡድን ማድረግ ነው። ተቀራራቢ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎቻቸውን በአንድ ላይ በአቅራቢያቸው ባለ ዩኒቨርሲቲ ቢያሠለጥኑ ወጪው ይቀንሳል። ትምህርቱን ለመከታተል ውድ መሣሪያ መግዛትም የግድ አይደለም፤ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ መለማመጃ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ኔትወርክን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ ለመሥራት ያስችላል። መጋዘን ውስጥ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው የተቀመጡ አሮጌ ስዊቾችና ራውተሮችም ከመወገዳቸው በፊት ለመለማመጃ ሊውሉ ይችላሉ።

አራተኛው የፈተና ክፍያን ከውጤት ጋር ማያያዝ ነው። ባለሙያው ሥልጠናውን አጠናቅቆ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሚሰጥ የተግባር ሙከራ ብቁ ሆኖ ሲገኝ ተቋሙ የፈተናውን ክፍያ ቢሸፍን፣ ባለሙያውም በምላሹ ለተመጣጣኝ ጊዜ ለማገልገል ውል ቢገባ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። የውሉ ዘመን ፍትሐዊ መሆን ይኖርበታል። ለአንድ ፈተና ክፍያ ረጅም ዓመታትን የሚያስር ውል ባለሙያውን ከማቆየት ይልቅ ሥልጠናውን እንዲሸሽ ያደርገዋል።

ወደ ዘርፉ ለመግባት የሚዘጋጁ ወጣቶችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ማረጋገጫ የሥራ በር ያንኳኳል እንጂ በሩን ብቻውን አይከፍትም፤ ከገቡ በኋላም የሚያቆየው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። መጀመሪያ መሠረታዊ ዕውቀቱን በሚገባ መያዝ፣ በመለማመጃ ሶፍትዌር ደጋግሞ መሥራት፣ በአገር ውስጥ ምዘና ራስን መፈተሽና ከዚያ በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ ፈተና መቅረብ ገንዘብንም ጊዜንም ይቆጥባል። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የቋንቋ ዝግጅትም የሚዘነጋ አይደለም። በተቃራኒው በተሰረቀ ጥያቄ ለማለፍ ሦስት ወር ደመወዝ ማውጣት የመጀመሪያው እውነተኛ ብልሽት ሲገጥም የሚጋለጥ ኪሳራ ነው።

በአጠቃላይ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ዋጋው የሚለካው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ባለሙያው ወረቀቱን ያገኘበት መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ዕውቀት የሚያሠራበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የባለሙያው፣ ሁለተኛው የኃላፊው ድርሻ ነው። አንዱ ያለሌላው የተሟላ ውጤት አያመጣም። ማረጋገጫውን በግል ማኅደር አስቀምጦ ባለሙያውን ፕሪንተር የሚያስጠግን መሥሪያ ቤት ከማረጋገጫው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

የመንግስት አገልግሎት በኔትወርክ ላይ በተመሠረተ መጠን የኔትወርክ ባለሙያው ብቃት የአገልግሎት አሰጣጡ ብቃት አካል ይሆናል። ስለሆነም በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች አዲስ ሥርዓት ሲዘረጉ ለመሣሪያው የሚሰጡትን ትኩረት ያህል መሣሪያውን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ምዘናና ሥልጠናም ሊሰጡ ይገባል። ይህ ሲሆን «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ጨርሶ ባይጠፋም፣ ተገልጋዩ በማግስቱ እንዲመለስ የሚነገረው ሳይሆን ለጥቂት ደቂቃ እንዲታገስ የሚጠየቅበት ይሆናል።